የዘንዶው ተራ

ሚኪያስ የጨዋታውን የውጊያ ካርታ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሠራ ሳምንት ሙሉ ዓይኑ ቀልቷል። ተጫዋቾቹ ከየቤታቸው በኢንተርኔት ገብተው ጀግኖቻቸውን መንደሩ በር ላይ አሰለፉ። የሚገጥሙትን ዘንዶ የሚያንቀሳቅሰው ሚኪያስ ነው። ሶፍትዌሩ ዕጣ ጣለና የመጀመሪያው ተራ ለሶስና ደረሳት።

«ጋሽ ደረሰ እያሉ እኔ? አይሆንም» አለች፤ በዕድሜ ታላቃቸው እሳቸው ናቸው።

«ኧረ በሞቴ፣ አንቺ ምቺው» አሏት ጋሽ ደረሰ።

«እርስዎ ካልቀደሙማ እኔም አልመታም» አለ ሌላው።

ሚኪያስ ሰዓት እየሄደ ነው ቢል የሰማው የለም። በመጨረሻ ጋሽ ደረሰ ነገሩን ቋጩት፤ «ዘንዶው ደጃችን ድረስ የመጣ እንግዳ አይደለም እንዴ? እሱ ይቅደም።»

ሚኪያስ አንዲት ቁልፍ ተጫነ። እሳቱ ጀግኖቹን በሙሉ አመድ አደረጋቸው።



«አሳዳጊ የበደለው» አሉት ጋሽ ደረሰ፤ የገዛ አባቱ ናቸው።