የባላምባራስ አለነ የምሕረት ዐዋጅ

ባላምባራስ አለነ አሶሳ ላይ ዳኛ ሆነው ሲሾሙ አንድ ነገር ቆርጠው ነበር፤ ልጅ አያስገርፉም። ሌባ የተባለ ልጅ ተገርፎ፣ ታስሮ፣ ከእናቱ ተነጥሎ ሲነዳ ብዙ አይተዋል። የተነዳው ሁሉ የባሰ ሌባ ሆኖ ነው የወጣው።

ስለዚህ በገበያ ቀን ነጋሪት አስመትተው ዐዋጅ አስነገሩ። «ሰርቆ የተፈረደበት ልጅ ጎጆ እስኪወጣ ድረስ ከእናት ከአባቱ ቤት አይለይም። ማንም ይሁን ማን አይወስደውም!»

ዐዋጁ ከላይ ተወደደ። የበላያቸው ጌታ «የልጆች አባት» ብለው ጻፉላቸው፤ ዐዋጁንም በማኅተማቸው አጸደቁት። ባላምባራስ ያችን ደብዳቤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያነቡ ነበር።

መጀመሪያ የቀረበው የዐፊፋ ልጅ ሻዕባን ነው። ከሰው ቀፎ ማር ሰርቆ፣ ፊቱን ንብ አሳብጦት ተያዘ። ባላምባራስ መክረው ለእናቱ መለሱት። ዐፊፋ መሬት ስማ ሄደች።

ነጋዴዎች ከባምባሲ ገበያ ወሬ ይዘው በተመለሱ ሳምንት ግን የችሎቱ ዛፍ ሥር በሌባ ልጆች ተጥለቀለቀ። ያውም ከሳሹ ባለንብረቱ አይደለም፤ ወላጅ ነው።

«ልጅ የኔ ሌባ ነው፣ ወላሂ!» አለች አንዷ በተሰባበረ አማርኛ፣ ሴት ልጇን እየጎተተች። «ሰሊጥ ሰረቀ።»

«የማንን?»

«የኔን።»

ሐመድ የሚባል ገበሬ ሦስት ልጆቹን ደርድሮ መጣ። ትንሹ ገና ዳዴ የሚል ነበር።

«ይኼኛው ደግሞ ምን ወሰደ?» አሉ ባላምባራስ።

«በሬ፣» አለ ሐመድ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ባላምባራስ ልጁን አዩት። ጣቱን ይጠባል። አባት በልጁ ላይ በሐሰት አይመሰክርም ብለው ፈረዱበት። ሐመድ አልሄደም።

«ጌታዬ፣ ማኅተም አድርግበት።»

ቤት ሲገቡ ሚስታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ቁጭ እንኳ አላስባለቻቸውም። «ምሕረት ሲበዛ ሌባ ያፈላል ብዬዎት አልነበረም? ምን ዓይነት እናቶች ናቸው! የኛ ታፈረ እንኳን ሊሰርቅ የሰው አጥር ተደግፎ አያውቅም።»

«አሳዳጊ የበደላቸው ናቸው፣» አሉ ባላምባራስ ከልባቸው እያዘኑ። «ልጅ ማሳደግ ማን ያስተምራቸው?» ከዚያ ወዲህ ታፈረን፣ የዐሥር ዓመት ልጃቸውን፣ ጨዋ ልጅ እንዲያዩ ብለው በየችሎቱ አጠገባቸው ያስቀምጡት ጀመር።

በሰኔ መግቢያ የጌታው መልእክተኛ ከወታደሮች ጋር ደረሰ። ለጌታው ቤት አገልጋይ የሚሆኑ ሃያ ልጆች ሊወስድ ነው። ለዚያ ቤት ተነድቶ የሄደ ልጅ እንደማይመለስ አገር ያውቃል፤ ባላምባራስም ያውቃሉ።

የፍርድ መዝገቡን ገለጡለት። የዐፊፋ ልጅ፣ ሌባ። የሐመድ ልጆች፣ ሦስቱም ሌባ። ቅጠሉ እስኪያልቅ ሌባ።

መልእክተኛው መዝገቡን ከደነው። «ጌታዬ ያጸደቁትን አላፈርስም። ሌባም ወደ ቤታቸው አላስገባም። ባዶ እጄን ግን አልመለስም፤ ካጣሁ አንድም ቢሆን ይዤ እሄዳለሁ።» ዙሪያውን ቃኘ። ዓይኑ ታፈረ ላይ ዐረፈ። «ይኼ ልጅ ተፈርዶበታል?»

ዛፉ ሥር የተቀመጡት እናቶች ባላምባራስን ተመለከቱ።

ባላምባራስ ከወንበራቸው ተነሡ። ሄደውም ከሳሽ በሚቆምበት ቦታ ቆሙ።

«ልጄ ሌባ ነው፣» አሉ።