የዘበኛው ስክሪን

የምንኖርበት የፓርክላንድስ ሰፈር ፎቅ ሊፍት ውስጥ ካሜራ ከተገጠመ ወዲህ፣ እሑድ እሑድ ቀድሜ እወርድና ባለቤቴ ጽጌረዳ ለቅዳሴ ለባብሳ እስክትመጣ ድረስ ከዘበኛው ከሙቱዋ ጋር ስክሪኑን አያለሁ።

ባለፈው እሑድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ ስትወርድ በስክሪኑ አየኋት። እንዲህ የሚለበሰው ለሐዘን ነው። ልጃችን ኢዮኤል ጁባ ስለሚሠራ ልቤ ደነገጠ። የሊፍቱ በር ሲከፈት ግን ጥለቱ እንደ ወትሮው ወደ ታች ነበር።

«ስለ ኢዮኤል የሰማሽው ነገር አለ?» አልኳት።

«አሁን አነጋገርኩት፣ ደኅና ነው። አንተ ሰውዬ ክፉ ካላሰብክ አይነጋልህም?»

ዛሬ አብሬያት ወረድኩ። ሊፍቱ ውስጥ አጠገቧ ቆሜ ጥለቱን በዓይኔ አየሁት፤ ታች ነው። ስንወጣ ሙቱዋ መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«አባባ፣ እርስዎ በደረጃ ነው እንዴ የወረዱት?» አለኝ።

«አብረን ነው የወረድነው፤ ደግሞ በዚህ ጉልበቱ ደረጃ!» አለች ጽጌረዳ እየሳቀች።

ሙቱዋ ምስሉን ወደ ኋላ መለሰና አሳየን።

ሊፍቱ ውስጥ ጽጌረዳ ብቻዋን ቆማለች። ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው።