የኑርሀያት ዓረፍተ ነገር

«አድሂር!» ይላል አስረስ፣ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ከጻፈው ቃል ሥር ደጋግሞ እያሰመረ። «ሙጫ ወረቀት ላይ ሲጣበቅ አድሂር አደረገ ይባላል። ጭቃ ጫማ ላይ ሲጣበቅም እንደዚያው። ሰውም ሃይማኖቱን፣ ቃሉን፣ አገሩን ሙጥኝ ሲል ይኸው ቃል ነው የሚነገርለት። በሉ እስቲ፣ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት። ደንቡን ታውቃላችሁ!»

ያውቃሉ። ከመጽሐፍ የተቀዳ ዜሮ ነው፤ እውነት ያልሆነም ዜሮ። ዓረፍተ ነገር ከቤት ነው የሚመጣው።

ከመጨረሻው ዴስክ ላይ ጓድ እንድሪስ ጉልበቱ አልገባ ብሎት ወደ ጎን ዞሮ ተቀምጧል። የወረዳው ካድሬ ነው፤ ዛሬ የመጣው የድጎማ መምህራንን ሊገመግም ነው። እንግሊዝኛ እንደማያውቅ አገር ያውቃል። ቢሆንም አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማትሪክ ላልመጣለት ለአስረስ፣ ከዚህ ሰው የሚገኝ አንድ በጎ ቃል የመምህራን ማሠልጠኛ በር ነው።

«ቅማል የወንድሜን ራስ ሙጥኝ ብሏል!» ይላል የሻው፣ ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ ካለ ቀበሌ እየተመላለሰ የሚማረው የክፍሉ ቀልደኛ። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

«እውነት ከሆነ አለፍክ» ይላል አስረስ። «ሌላ?»

ኑርሀያት ትነሳለች። በከተማው ሰው ቤት ተጠግታ፣ ውሃ እየቀዳች የምትማር ልጅ ናት። እንግሊዝኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ ግን አንድም ቦታ አይሰበርም። ስትጨርስ አስረስ ጠመኔውን እንደያዘ ፈዞ ይቀራል። እሱ ማታ ማታ ብቻውን በሐይቁ ዳር እየተንጎራደደ ለውሃው የሚያወራቸው ቃላት አሉት፤ አንዳቸውም እንዲህ ቆመው ሲሄዱ አይቶ አያውቅም። ዓረፍተ ነገሩን ዳር እስከ ዳር ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል። ከዚያ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሰው እንዳያመልጠው ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል።

«እናቴ መሬታችንን ሙጥኝ ብላለች፤ አባቴና ወንድሜ እዚያ ስለተቀበሩ።»

የመጨረሻው ቃል ከአፉ ሲወጣ ነው የገዛ ድምፁን የሚሰማው። አርዲቦ ዳር ያለው የእነ ኑርሀያት ቀበሌ ለሰፈራ ተጭኖ ካለቀ ሰንብቷል። እዚያ መሬት ላይ ዛሬ ሰው ሊኖር አይገባም።

ጓድ እንድሪስ ቀና ይላል። «ምን አልክ ጓድ መምህር? መሬቱን ምን አደረገች?»

«ምሳሌ ነው… የሰዋስው ምሳሌ…»

«ውሸት ዜሮ ነው ስትል መሰለኝ። ለዚች ልጅ ስንት ሰጠሃት?»

ካድሬው ወደ ልጅቷ ይዞራል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው። «እናትሽ የት ነው ያለችው፣ እህት ዓለም?»

«እዚያው ናት ጓድ። ከአባቴ ጎን። በክረምቱ በሽታ ሞታ ቀበርናት።»

«መሬቷን ሙጥኝ አለች አላልሽም?»

«የሞተ ሰው መሬቱን ይለቃል እንዴ?»

አንድም የሚስቅ የለም። ካድሬው ፊቷን እያየ ጺሙን ያሻል። «እኔ እንኳ በእንዲህ ያለው አላምንም» ይላል በመጨረሻ። «ግን ወጋችሁ ነው። እስቲ ሁላችሁም ለእናቷ ዱዓ አድርጉላት።» ዓይኑን ከዴስክ ዴስክ ያዞራል፤ የማን እጅ እንደሚያመነታ ይፈልጋል።

የማንም አያመነታም። እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ይዘረጋል፤ ለቅሶ ቤት አብሮ መቀመጥ ለዚህ አገር ልጆች አዲስ ነገር አይደለም። በሕይወት ላለች ሴት ግን ማንም እንዲህ አድርጎ አያውቅም። «ጀነት ያግባት» ይላል አንዱ። «አሚን» ይላሉ። አስረስም መዳፉን ዘርግቷል። የኑርሀያት አሚን ከሁሉም ዘግይቶ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ካድሬው አምኗል። ይነሳና ኮቱን ይቆልፋል። «እንግዲያ ወላጅ የላትም ማለት ነው። አብዮቱ የሙት ልጅ ሰው ቤት ውሃ ስትቀዳ አያይም። ደሴ ማሳደጊያ አለ። ዛሬ በአርዲቦ በኩል ሌሎቹን ልጆች እየሰበሰብን ነው የምንሄደው፤ ላንድሮቨሩ ውጭ ቆሟል። ደብተርሽን ያዢ።»

አስረስ አፉን ይከፍታል። እናት አላት፣ ተዋት። ይህን ብቻ ማለት ነው። በሁለት ቋንቋ ሊለው ይችላል። ኑርሀያት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየዋለች፤ እሳት ሊነካ እንደተጠጋ ሕፃን አድርጋ፣ ራሷን በቀስታ ነቅንቃ ትከለክለዋለች።

አፉን ይዘጋል።

ካድሬው ልጅቷን አስቀድሞ ሲወጣ በሩ ላይ ትከሻውን መታ ያደርገዋል። «ጎበዝ ነህ። ልጆቹ የሚናገሩት ከልባቸው ነው። እጽፍልሃለሁ።»

ሞተሩ ይነሳል። የሻው ዴስክ ላይ ወጥቶ በመስኮት ያያል።

«በአርዲቦ መንገድ ታጠፉ» ይላል። ከዚያ ለማንም ሳይሆን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «እናቷ እትዬ አሚናት መኪና ከሰሙ ሐይቁ ዳር ፊላው ውስጥ በሆዳቸው ነው የሚተኙት። አልፎ እስኪጠፋ ቀና አይሉም።»