ኩርባው ላይ የቆመው መኪና

በረዶው መውረድ ከጀመረ ወዲህ ምንትዋብ ከሥራ በጊዜ ገብታ አታውቅም። ባሏ ሲጠይቃት መልሷ ያው ነው፤ «የመንገዱ ዳር በበረዶ ስለተሞላ ሰው መኪናውን ሐዲዱ አጠገብ ያቆማል፤ አስፋልቱ ላይ የሚሄደው ባቡር ማለፍ ያቅተዋል።» መጀመሪያ አመናት። ሲደጋገም ግን ነገሩ አልዋጥለት አለ።

ዛሬ «ቤት እውላለሁ» ብሏት ሲያበቃ በዐይኑ ሊያይ ቆርጦ ወጣ። ከመሥሪያ ቤቷ አለፍ ብሎ ካለው ኩርባ ላይ፣ የበረዶ ክምር አጠገብ መኪናውን እንደነገሩ አቆመና ከመሥሪያ ቤቷ በር ትይዩ ካለው ካፌ ተቀመጠ። ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ እሷ የለችም። ደወለላት።

«የት ነሽ?»

«ባቡር ውስጥ። ዛሬ እንኳ በጊዜ ልግባ ብዬ ቀደም ብዬ ወጥቼ ነበር። ይኸው ገና ኩርባው ላይ አንዱ መኪና ዘግቶብን ቆመናል።»

«ምን ዓይነት መኪና?» አላት፣ ውሸቷን ሊይዝ።

«ሰማያዊ ነው፤ ቂጡ ሐዲዱ ላይ ወጥቷል። ቆይ፣ ወርጄ ልየው።»

በስልኩ ውስጥ የእርምጃዋን ድምፅ ሰማ። ስትናገር ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር።

«ታርጋው የእኛ ነው። ቤት እውላለሁ ብለኸኝ አልነበር? እዚህ ሰፈር ማን ጋ መጥተህ ነው?»