የሚበሰብሰው ፕላስቲክ

ገለኔ ከማሳዋ የነቀለችውን የጠወለገ ቡና ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልላ አምጥታ፣ መቱ ዳር ባለው ችግኝ ጣቢያ፣ በኃላፊው በጋሽ ደቅሲሳ እግር ሥር ዘረገፈችው። ከሁለት ክረምት በፊት፣ «አዲሱ የችግኝ ፕላስቲክ በራሱ ይበሰብሳል፤ ሳትቀድጂው ከነፕላስቲኩ ትከይው» ብለው ችግኙን የሰጧት እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ደቅሲሳ ተንበርክከው ሥሩን አገላበጡ። ፕላስቲክ የሚባል አልነበረበትም።

«ይኸው በስብሷል! ምን አልኩሽ?» አሉ ደስ ብሏቸው።

«አፈሩን ፈርፍረው ይዩት፣ ጋሼ።»

ፈረፈሩት። ከጤፍ የደቀቀ ጥቁር ብናኝ መዳፋቸው ላይ ቀረ፤ እፍ ቢሉትም አልለቀቀም። የሶር ወንዝ አካባቢ አፈር እፍኙ ሁሉ ትል እንደነበር ያውቃሉ። አሁን ያገኙት አንድ ብቻ ነው፤ ክር የመሰለ፣ እንደ ነገሩ የሚንቀሳቀስ። ወደ ፀሐይ ከፍ አደረጉት። በሳሳው ቆዳው ውስጥ ያው ጥቁር ብናኝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰልፏል።

«አርባ ጉድጓድ ቆፍሬ ያገኘሁት ትል እሱ ብቻ ነው» አለች ገለኔ። «የድሮው ፕላስቲክ አይበሰብስም ብለን ስንረግመው ኖርን። እሱን ግን ጎትቼ አወጣው ነበር። ይሄንን በምን ልልቀመው?»

ከኋላቸው በዚያው ፕላስቲክ ውስጥ ያደጉ ችግኞች መደብ በመደብ ተደርድረዋል። በሩ ላይ ከኡካና ከኖፓ የመጡ ገበሬዎች ወረፋ ይዘዋል። ከመካከላቸው አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ከነፕላስቲኩ ነው አይደል የምንተክለው?» አለ።

ጋሽ ደቅሲሳ ገለኔን አላዩዋትም። ትሉን የያዘውን መዳፋቸውን ጨበጡና፣ «አዎ» አሉ።