ዶሮው ሲያልቅ ውሃው በዛ

በዚያ ዓመት ከላሊበላ ቁልቁል ወደ ተከዜ በሚወስደው ቆላ ሙቀቱ ቀድሞ ገባ። መጋቢት ነበር። ከላይ በአሸተን ማርያም ሰው ጋቢ ደርቦ ሲያስቀድስ፣ እታች የይማርሽ ዶሮዎች ክንፋቸውን ከጎናቸው አርቀው፣ ምንቃራቸውን ከፍተው ያለከልኩ ነበር።

ይማርሽ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ናት። ልጇ ምስጋኑ ከጥር ወዲህ አልታየም። ለጠየቃት ሁሉ «ሁመራ ወርዷል፣ ለቀን ሥራ» ትላለች። ማንም አላመናትም። የብሔራዊ ውትድርናው ምልመላ የተጀመረው በጥር ነውና፤ ከማሠልጠኛ እየጠፉ የሚመለሱ ልጆችም እንዳሉ ይወራል።

ዶሮ ቤቷ በጓሮዋ ገደሉን ተጠግቶ በድንጋይ የተካበ ነው። ቀዝቀዝ እንዲል ወደ አለቱ ጠልቆ ይገባል። ጣራው ላይ የራሰ ጆንያ ታለብሳለች፤ ውሃ በገል ታቀርባለች። ለዚህ ሁሉ ከምንጩ እንስራ አዝላ ትመላለሳለች።

ያም ሆኖ ዶሮዎቹ ማለቃቸውን አልተዉም። አንዷ ዶሮ እንቁላሏን እንደታቀፈች ሞታ ተገኘች። አውራው ደግሞ በቀትር ግቢው መሀል ዞሮ ዞሮ ወደቀ።

ጎረቤቷ ወለተ ሐና አዘነችላት። «የተረፉትን ደጋ ለእህቴ ልላክልሽ? እዚያ ነፋስ አለ።»

«የለም፣ እዚሁ ይሁኑ» አለች ይማርሽ ፈጥና። «ከዓይኔ ሲርቁ አልወድም።»

ከምንጩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ሁልጊዜ የሚቀመጥ ሰው አለ፤ የገበሬ ማኅበሩ ጠባቂ ሙሉሃብት። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወጪ ወራጁን ያያል። አንድ ቀን ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት ብድግ አለ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የይማርሽ ዶሮዎች እያነሱ ነው። የምትቀዳው ውሃ ግን እየበዛ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ደባሱ ቆቡን አስተካከለ። ደባሱን የማይፈራ የለም። ምልመላው ሲመጣ አንድያ ልጁን አረጋን ሕዝብ እያየ በገዛ እጁ የምልምሎቹ መኪና ላይ ያወጣ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ራሱ ልጅ ሊለምነው አፉን የከፈተ ወላጅ የለም።

«ሙቀቱ ነዋ» አለ ደባሱ።

«የእንቁላል ቅርፊትም ከጓሮዋ አግኝቻለሁ። በዐቢይ ጾም!»

ሰዉ አጉረመረመ። ደባሱ ቀስ ብሎ ተነሣ። «እንሂድ» አለ።

ይማርሽ ጆንያ ስታርስ ደረሱባት።

«ምስጋኑ የት ነው?» አለ ደባሱ። ድምፁ ለጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

«ሁመራ ነው፣ አያ ደባሱ። ስንት ጊዜ ልንገርዎት?»

ሙሉሃብት የቅርፊቱን ስባሪ ከኪሱ አወጣ። «ይህንንስ ማን በላው?»

«ዶሮ ሲጠማት የራሷን እንቁላል ሰብራ ትጠጣለች። ቤትህ ዶሮ የለም እንዴ?»

«አትቀልጂብኝ!» አላት ሙሉሃብት። «የአረጋ እናት በወሊድ ስትሞት አረጋንና ምስጋኑን ባንድ ጡት ያሳደግሽ አንቺ ነሽ። ታዲያ አንዱ ሲዘምት ሌላው ጓሮ ይደበቃል?»

ይማርሽ በእጇ የያዘችው ጆንያ ይንጠባጠባል።

ቤቱን በረበሩ። ሙሉሃብት ጎታውን አንኳኳ፣ የመደቡን ሥር በሰደፉ ጎረጎረ። ምንም የለም። ወደ ጓሮ ዞሩ። ሙሉሃብት ወደ ዶሮ ቤቱ ጎንበስ ሲል ይማርሽ ሮጣ በሩን ዘጋች።

«እባክህ! በዚህ ሙቀት ከደነገጡ ያልቁብኛል!»

«ፈቀቅ በይ!» ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ቆይ» አለ ደባሱ። «እኔው እገባለሁ። ልጁን ስላጠባችለት አዳላላት መባል አልፈልግም።»

ቆቡን አውልቆ ተንበረከከ። ይማርሽ ፈቀቅ አለችለት።

ዶሮዎቹ ተንጫጩ። ላባ በበሩ ወጣ። ከዚያ ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመ። የሙሉሃብት ላብ በአንገቱ ይወርዳል፤ ጣቱን ቃታው ላይ አሳረፈ።

«ጓድ ሊቀ መንበር?»

አንድ እርምጃ ወደ በሩ ቀረበ።

«ጓድ ሊቀ መንበር!»

ደባሱ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ኋላ ወጣ። ጉልበቱ በኩስ ተለውሷል፤ ጸጉሩ ላይ ላባ አለ። ዓይኑ ቀልቶ ያነባል። በእጁ አንዲት የሞተች ዶሮ ይዟል።

«ኩስና ቅማል ነው ያለው» አለ ፊቱን እያበሰ። «ሽታው ዓይን ያጠፋል።»

«እስቲ እኔም አንዴ ልየው» አለ ሙሉሃብት ጎንበስ እያለ።

ደባሱ ዶሮዋን እግሩ ሥር ወረወረለት። «ይህ ሙቀት ብቻ መሰለህ? ፈንግል ነው! በልብስህ ይዘኸው ገብተህ ሚስትህ ለፋሲካ የምታሳድጋቸውን ልትፈጅ ነው?»

ሙሉሃብት ወደ ኋላ ሸሸ። ዶሮዋን አየ፣ ይማርሽን አየ፣ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መለሰ።

«ሂድና ምንም እንዳላገኘን ለማኅበርተኛው ንገር» አለው ደባሱ። «እኔ ይችን ሴት የማስጠነቅቃት ነገር አለኝ።»

ሙሉሃብት እየዘገየ ሄደ። ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ዞር ሲል፣ ሊቀ መንበሩ ጣቱን ቀስሮ ይማርሽ ፊት ላይ ሲያወዛውዝ አየ። እሷ አንገቷን ደፍታለች። ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ።

ደባሱ ጣቱን ሳያወርድ በሹክሹክታ፣ «ይማርሽ፣ አረጋዬ እዚያ ውስጥ ከሳብኝ» አላት።