ታርጋ የሌላት ነጭ መኪና

ባዘዘው ከባሕር ዳር ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ያስጨነቀችው ነጯ መኪናው ብቻ ነበረች። ከሊዝ ኩባንያ በዱቤ ወስዶ የሚሠራባት ስለሆነች፣ እሷ ከተሰረቀች እንጀራውም አብሮ ይሰረቃል። "እኔ ብጠፋ እንዲህ አትጨነቅም" ትለዋለች ሚስቱ፤ እሱም አያስተባብልም።

በሐዋሳ አዲስ ታርጋ የሚሰጠው የባሕር ዳሩ ተፈትቶ ሲመለስ ነው። በትራንስፖርት ቢሮው ግቢ አንድ ደግ ሰው ካቻቢቴ አዋሰው። ባዘዘው ታርጋውን ፈታ፣ ካቻቢቴውን ኪሱ ከተተና መኪናዋን እርቃኗን ትቶ ሰልፍ ገባ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ተሰልፎ፣ አዲሱን ታርጋ ታቅፎ ሲወጣ ደሙ ፈላ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከመኪናዋ ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ በቢላ ጫፍ ብሎን እያጠበቀ ሌላ ታርጋ ያስርባታል!

"አንተ ሌባ!"

ማጅራቱን ጨምድዶ ፊቱን ከፓራውልቱ ጋር አላተመው። ሰውየው "ወንድሜ፣ ስማኝ..." ሲል ጥርሱ ከደም ጋር ወደቀ። ባዘዘው ጎኑን በጉልበቱ ደቃው፤ ሲዘረርም ሆዱን በጫማው ረገጠው።

"በጠራራ ፀሐይ! በሰው መኪና!"

ከውስጥ የተወሰደ ነገር እንዳለ ሊያይ የቁልፉን ሪሞት ተጫነ። መኪናዋ ዝም አለች። ከኋላዋ ከቆሙት ሦስተኛዋ ነጭ መኪና፣ ታርጋ የሌላት፣ መብራቷን ብልጭ አድርጋ "ጢጥ" አለች።

ሰውየው ከመሬት ቀና ብሎ አፉን በእጅጌው ጠረገና የባዘዘውን ኪስ አየ።

"ካቻቢቴዬን መልሰህልኝ ቢሆን ኖሮ" አለ፣ "ይኼኔ አስሬ ሄጄ ነበር።"